ለማጥገብ የተወለደ ቁጥር

በ1614 (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቬኒስ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ የላቲን መጽሐፍ ታተመች። ደራሲው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሳንቶርዮ ሳንቶርዮ ነበር። ሰውየው ለዓመታት ሲያደርግ የኖረውን ጎረቤት አይቶት ቢሆን ጤንነቱን ይጠራጠር ነበር። ወንበሩን በትልቅ ሚዛን ክንድ ላይ አንጠልጥሎ እዚያው ተቀምጦ ይበላል። የበላውን ይመዝናል፣ የጠጣውን ይመዝናል፣ ከሰውነቱ የወጣውንም፣ ለወሬ የማይመቸውን ጭምር፣ ይመዝናል። ሒሳቡ ግን አልገጠመለትም። ስምንት ፓውንድ የሚመዝን ምግብና መጠጥ ከገባ፣ በዓይን የሚታየው የሚወጣው ሦስት ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። አምስቱ የት ገባ? ሳንቶርዮ «በማይታይ ላብ» ተነነ አለ፤ በቆዳና በትንፋሽ ማለቱ ነው።

በትንፋሹ ነገር ብዙም አልተሳሳተም። ዛሬም ብዙ ሰው የቀለጠ ስብ በላብ ወይም በሽንት የሚወጣ ይመስለዋል፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በፀሐይ የሚሮጠውም ለዚህ ነው። አንድ ሰው 10 ኪሎ ስብ ሲያጣ ግን 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍና በአፍንጫው ይወጣል፤ ውሃ የሚሆነው የቀረው 1.6 ኪሎ ነው።

ሳንቶርዮ ይህን የሚያውቅበት ኬሚስትሪ አልነበረውም። ነገሩ ወደ 170 ዓመት ያህል ቆየ። በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ፣ ፓሪስ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ አንትዋን ላቮዋዚዬ ከሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የሚሏትን ትንሽ እንስሳ ዙሪያው በበረዶ የተሞላ ዕቃ ውስጥ አስገባ። የእንስሳዋ ሙቀት በረዶውን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ውሃ ከሥር ተጠራቅሞ ይመዘናል። በ10 ሰዓት ውስጥ 400 ግራም ገደማ በረዶ ቀለጠ። ከዚያ እንስሳዋ የምታስወጣውን የተቃጠለ አየር ለኩ፤ ያንኑ ያህል አየር እስኪወጣው ድረስ ከሰል ቢነድ ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥም አሰሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ። መተንፈስ ቀስ ብሎ መንደድ ነው፣ ምግብ ደግሞ ማገዶው ነው ማለት ነው።

ላቮዋዚዬ ወደ ሰው የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። ረዳቱ አርማን ሰጌን ጭምብል አጥልቆ፣ አንዴ አርፎ፣ አንዴ በልቶ፣ አንዴ በእግሩ ክብደት እየገፋ፣ የሚወስደው ኦክስጅን ይለካ ነበር። የላቮዋዚዬ ባለቤት ማሪ አን ትዕይንቱን ስትሥል ራሷንም አልረሳችም፤ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣ ማስታወሻ ስትይዝ ትታያለች። የሠራ ሰው ካረፈው በብዙ እጥፍ ይነድዳል። ላቮዋዚዬም ከዚህ ተነሥቶ አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ጻፈ፦ ጉልበቱን የሚጨርሰው ወዛደር ብዙ መብላት ሲገባው ለምንድን ነው የተትረፈረፈው ምግብ የማይሠራው ሀብታም ቤት የሚገኘው? ጥያቄው ከአብዮቱ መንፈስ ጋር ይስማማል። አብዮቱ ግን ሰውየውን ያየው በሌላ ሥራው ነበር። የንጉሡን ግብር ጨረታ ገዝተው ከሚሰበስቡት ባለ ድርሻዎች አንዱ ነበርና ሜይ 8 ቀን 1794 አንገቱ ተቀላ።

መለኪያው ራሱ፣ ካሎሪ፣ የመጣው ከሕክምና አይደለም። በ1820ዎቹ አካባቢ ኒኮላ ክሌማን የተባለ ፈረንሳዊ መምህር ፓሪስ ውስጥ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር ነው የተጠቀመበት፤ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሙቀት። ዛሬ በብስኩት ማሸጊያ ላይ የምናነበው ኪሎ ካሎሪ ይኸው ነው። ከሞተር ወደ ሆድ ያሸጋገሩት ጀርመኖች ናቸው። ሙኒክ ውስጥ ካርል ፎይት ሰውና ውሻ የሚገቡባቸውን የመተንፈሻ ክፍሎች ይዞ ሠራ፤ ተማሪው ማክስ ሩብነር ደግሞ በ1894 አንድን ውሻ በሙቀት መለኪያ ውስጥ ለሳምንታት አስቀምጦ፣ ከሰውነቱ የወጣው ሙቀትና ከምግቡ ይወጣል ተብሎ የተሰላው ሙቀት ልዩነታቸው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አሳየ። ሕይወት ያለው አካል ከፊዚክስ ሕግ ነፃ አይደለም።

ከፎይት ዘንድ ከተማሩት አንዱ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እሱን አብዝቼ እወዳለሁ፤ ሳይንሱን ለወጥ ቤት ያመጣው እሱ ነውና። በኮነቲከት ግዛት፣ ሚድልታውን ከተማ፣ በዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ከፊዚክስ ባለሙያው ኤድዋርድ ሮዛ ጋር አንድ ክፍል ሠራ። ክፍል ማለት ያስቸግራል፤ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። የውስጡ ግድግዳ መዳብ፣ የውጪው ዚንክ፣ ከዚያ ደግሞ እንጨት። ውስጡ የሚታጠፍ አልጋ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ አለ። ምግብ በሁለት በኩል በር ባለው ቀዳዳ ይገባል፤ ሰገራና ሽንቱም በዚያው ይወጣል፤ ሁሉም ይመዘናል፣ ይመረመራል። በቧንቧ የሚዞረው ቀዝቃዛ ውሃ የሰውየውን ሙቀት እየወሰደ ስንት ዲግሪ እንደ ሞቀ ይነበባል። ገብቶ ለቀናት የሚቆየው ፈቃደኛ አንዳንዴ መጽሐፍ ያነብባል፣ አንዳንዴ የማይሄድ ብስክሌት ሲመታ ይውላል።

ከዚያ ምድር ቤት የወጣው ውጤት ዛሬም ከእያንዳንዱ የታሸገ ምግብ ጀርባ አለ። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9። ወጥ ላይ የሚጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ አራት አምስት ማንኪያ እንደሚጠጣ ያበሰለ ሁሉ ያውቃል። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ሳይቀምሱ ከርመው ፋሲካ ሲደርስ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም ብለው የሚገረሙ ሰዎች የአትዋተርን 9 ቁጥር ቢያስታውሱ ነገሩ ይገለጥላቸዋል። አልኮል ደግሞ 7 ካሎሪ ይሰጣል። አትዋተር ይህን በሙከራ አረጋግጦ ሲናገር መጠጥ እንዲከለከል የሚታገሉት ማኅበራት ተቆጡበት፤ መርዝ ነው ሲሉ የኖሩትን ነገር እሱ ጉልበት ይሰጣል አለባቸው።

አትዋተር ለማን ይሠራ እንደ ነበር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚያሳስበው ቦርጭ አልነበረም። የፋብሪካ ሠራተኛው ደመወዙን የሚጨርሰው በምግብ ነው፤ ታዲያ በአንድ ዶላር ብዙ ካሎሪና ፕሮቲን የሚገኘው ከየትኛው ነው? መካከለኛ የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ወንድ በቀን 3,500 ካሎሪ ያስፈልጋል አለ፤ ዛሬ ለቢሮ ሠራተኛ ይህን ቢያዝ ሥራውን የሚያጣ ባለሙያ ይኖራል። አትክልትና ፍራፍሬን እንደ ገንዘብ ማባከኛ ያያቸው ነበር፤ ካሎሪያቸው ትንሽ ነው፣ ቫይታሚን የሚባለው ነገር ደግሞ ገና አልታወቀም። ቁጥሩ የተወለደው ድሃን በርካሽ ለማጥገብ ነው፤ ሰዎች ቁጥሩን ለተቃራኒ ሥራ ያሰማሩት እሱ በ1907 ከሞተ በኋላ ነው።

በዚያ ክፍል የአትዋተር ረዳት የነበረው ፍራንሲስ ቤኔዲክት ወደ ቦስተን ሄዶ የካርኔጊን የሥነ ምግብ ቤተ ሙከራ መራ። በ1918 እና በ1919 ከአርተር ሀሪስ ጋር የ136 ወንዶችን፣ የ103 ሴቶችንና የ94 ጨቅላ ሕፃናትን ልኬት ሰብስቦ ቀመር አወጣ። ክብደትህን፣ ቁመትህን፣ ዕድሜህንና ፆታህን ስጠኝ፤ ሳትንቀሳቀስ፣ ሳትበላ፣ ነቅተህ ብትጋደም ብቻ በቀን ስንት ካሎሪ እንደምታነድ ልንገርህ የሚል ቀመር። ሰው ከሚያነድደው ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ የሚሄደው ለዚህ ዝም ብሎ ለመኖር ነው። ጉበት፣ አንጎል፣ ልብና ኩላሊት እረፍት አያውቁም። ምግቡን ለመፍጨት አንድ አስረኛ ያህል ይወጣል፤ ለእንቅስቃሴ የሚውለው የቀረው ነው።

በዚያው በ1918 የሎስ አንጀለሷ ሐኪም ሉሉ ሃንት ፒተርስ የማክሻ መጽሐፏን አወጣች። እሷ ራሷ ወደ 100 ኪሎ ደርሳ 30 ኪሎ ገደማ የቀነሰች ሴት ናት፤ ስለዚህ ከላይ ሆና አትሰብክም፣ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ታባብላለች። ለአንባቢዎቿ ያለችው እንዲህ ነው፦ ከእንግዲህ አንድ ቁራሽ ዳቦ በላሁ አትበሉ፤ መቶ ካሎሪ ዳቦ በላሁ በሉ። ለመክሳት 1,200 ካሎሪ ትመክር ነበር። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና እህል የሚያከማች እንደ ከሃዲ ሲታይ፣ በገላው ላይ ያከማቸስ? የሚለውን ክርክርም አልተወችውም። መጽሐፉ ሁለት ሚሊዮን ቅጂ ያህል ተሸጠ። ካሎሪ የወዛደሩ ጓደኛ መሆኑ ቀርቶ የደንዳናው ተቆጣጣሪ የሆነው በዚህች ሴት እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የቁመትና የክብደት ሠንጠረዥ እያወጡ «ተገቢ ክብደት» ምን እንደሆነ ይነግሩ ነበር። በጎን ደግሞ የቤልጅጉ የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ የአማካይ ሰውን ቅርጽ ሲፈልግ ያገኘው ስሌት፣ ክብደትን ለቁመት ስኩዌር ማካፈል፣ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ ነበር። ኬትሌ ስለ ጤና አንድም ነገር ሊል አልፈለገም። በ1972 አንሰል ኪስ አቧራውን አራግፎ የሰውነት ክብደት መለኪያ አድርጎ ሰየመው፤ ዛሬ ክሊኒክ ሄደን 25 አለፍክ፣ 30 ደረስሽ የምንባለው በዚሁ ነው። ስለ አንሰል ኪስ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ እሱ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመልሰናል።

በ1942 በናዚ በታጠረው የዋርሶ ጌቶ ውስጥ አይሁዳውያን ሐኪሞች፣ እነሱም እየተራቡ፣ ረሀብ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን መዘገቡ። መድኃኒትና ምግብ የለም፤ መሣሪያው በድብቅ የገባ ነው። በሽተኞቻቸው በቀን 800 ካሎሪ ገደማ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት በጁላይ ሕዝቡን ወደ ትሬብሊንካ ማጋዝ ሲጀመር ጥናቱ ተቋረጠ፤ ጽሑፉ ተደብቆ ከጌቶው ወጥቶ ከጦርነቱ በኋላ ዋርሶ ውስጥ ታተመ። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሲታተም በሕይወት አልነበሩም።

በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ኪስ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ፣ 36 ወጣቶችን መረጠ። በሃይማኖታቸው ወይም በሕሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አንይዝም ያሉ፣ ግን አገራቸውን በሌላ መንገድ ለማገልገል የፈለጉ ልጆች ናቸው። ቤተ ሙከራው በዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ስታዲየም ሥር ነበር። መጀመሪያ በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል በሉ። ከፌብሩዋሪ 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንት ምግባቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 1,570 ካሎሪ ገደማ ሆነ፤ ድንች፣ ሥራሥር፣ ጥቁር ዳቦ፣ ማካሮኒ። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር መራመድ ግዴታ ነው።

ቁጥሩን ልብ ይሏል። 1,570 ካሎሪ ዛሬ በየስልኩ ያለ የማክሻ መተግበሪያ ለስንቱ ሰው እንደ ጥሩ ዕቅድ የሚያቀርበው ነው፤ ፒተርስማ ከዚያም ዝቅ ብላ 1,200 ብላ ነበር። ልጆቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህል አጡ። የልብ ትርታቸው ዘገየ። በበጋ በረዳቸው። እግራቸው አበጠ። ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ ከአእምሯቸው ጠፋ፤ ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁት የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ሾርባውን ውሃ እየጨመሩ ያበዙታል፣ ድንቹን በጥቃቅኑ ቆርጠው አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩታል፣ በመጨረሻ ሳህኑን ይልሳሉ። ማስቲካ በቀን እስከ 40 ፓኬት ያኘከ ነበር። አንዱ እንጨት ሲፈልጥ በመጥረቢያ ጣቶቹን ቆረጠ፤ ሆን ብሎ ይሁን በስህተት ራሱም እርግጠኛ አልነበረም።

የካሎሪን ሒሳብ ለሚያምን ሰው የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው። ሰውነታቸው ዝም ብሎ አልተዘረፈም፤ ወጪውን ቀነሰ። ሳይንቀሳቀሱ የሚያነድዱት ካሎሪ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ይህ ደግሞ ከሲታነታቸው ብቻ ከሚያመጣው ይበልጣል። ስለዚህ ክብደቱ መጀመሪያ ፈጥኖ ወረደ፣ ከዚያ እየዘገየ ሄደ፣ በመጨረሻ ቆመ ማለት ይቻላል፤ ምግቡ ሳይጨመር። መመገቡ ሲጀመርም ጥቂት መቶ ካሎሪ መጨመር አላገገማቸውም፤ ኪስ በቀን 4,000 ያህል ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ። እንደ ልባቸው ብሉ ሲባሉ ማቆም ያቃታቸው ነበሩ፤ ከነበሩበት አልፈው የወፈሩም ነበሩ። በ1950 ውጤቱ ሁለት ወፍራም ጥራዝ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም አንድ ፓውንድ የሰውነት ስብ 3,500 ካሎሪ ነው የሚል አጭር ጽሑፍ አወጣ። ከዚህ የተወለደው ደንብ ዛሬም በየጂሙ ይነገራል፦ በየቀኑ 500 ካሎሪ ቀንስ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ትቀንሳለህ። ስሌቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙም አይስትም። ደንቡ የሚሰናከለው ሰውነት እንደ ሚኒሶታዎቹ ልጆች ወጪውን እያሳነሰ መሄዱን ስለሚረሳ ነው። በዚህ ስሌት ቢኬድ በየዓመቱ 25 ኪሎ እየቀነስን ሦስተኛው ዓመት ላይ የምንጠፋ ብዙዎች ነን።

ሰው በእውነተኛ ኑሮው፣ ከመዳብ ክፍል ውጪ፣ ስንት እንደሚያነድ የሚለካበት ዘዴም እዚያው ሚኒሶታ ነው የተገኘው። በ1955 ናታን ሊፍሰን በአይጦች ላይ ሞከረው። ክብደታቸው የጨመረ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያለበት ውሃ ይጠጣል፤ ሃይድሮጅኑ የሚወጣው በውሃ ብቻ ነው፣ ኦክስጅኑ ግን በውሃም በትንፋሽም ይወጣል፤ በሽንት ናሙና የሁለቱን ልዩነት ያየ ሰው የተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያውቃል። ውሃው ውድ ስለነበር ለሰው የደረሰው በ1982 ነው።

ከደረሰ በኋላም ብዙ ተረት አፈረሰ። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አንከሳም የሚሉ ወፍራም ሰዎችን መረመረ። የሰውነታቸው ፍጆታ ጤናማ ነበር። የሚበሉትን ግን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋንነው ነበር የተናገሩት። ውሸታሞች አይደሉም፤ እኛም እንጀራ ላይ የፈሰሰውን ወጥና ከልጅ ሳህን የተነሣውን ጉርሻ ብንጠየቅ የምንመልሰው ከዚያ የተሻለ አይሆንም።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1990 የሀሪስንና የቤኔዲክትን ቀመር የሚተካ ሌላ ቀመር ወጥቷል፤ ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ነው። አንዲት የ35 ዓመት፣ 65 ኪሎ የምትመዝን፣ 160 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ሴት እንውሰድ። ክብደቷ በ10 ሲባዛ 650፣ ቁመቷ በ6.25 ሲባዛ 1,000፤ ከድምሩ ዕድሜዋ በ5 ተባዝቶ 175 ይቀነሳል፣ ለሴት ደግሞ 161 ይቀነሳል። ውጤቱ 1,314 ካሎሪ ነው፤ ተጋድማ ብትውል። ብዙውን ጊዜ ተቀምጣ የምትውል ከሆነ በ1.4፣ በመጠኑ የምትንቀሳቀስ ከሆነ በ1.6 ሲባዛ ከ1,840 እስከ 2,100 ይደርሳል። ቀመሩ ብዙውን ሰው ከእውነቱ በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ ያገኘዋል። 10 በመቶ ግን ለእሷ በቀን 130 ካሎሪ ነው፤ ስለዚህ የወጣው ቁጥር መነሻ ነው፣ የሚያርመው የጥቂት ሳምንታት ሚዛን ነው።

ቁጥሩ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ወደ አትዋተር ጥያቄ ነው የተመለሰው። በ1988 ዓ.ም. መንግሥት የድህነት ወለልን ሲያሰላ መነሻው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ነበር። ድሃው የሕዝብ ክፍል በተለምዶ የሚበላቸው እህሎች ተይዘው፣ 2,200 እስኪሞሉ መጠናቸው ተሰልቶ፣ በገበያ ዋጋ ተተመኑ፤ ለአንድ አዋቂ በዓመት 648 ብር ወጣ። በቀን አንድ ብር ከ78 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ልብሱ፣ ቤቱና የቀረው ሲታከል 1,075 ብር ደረሰ፤ በዚህ ልኬት ከሕዝቡ 45.5 በመቶ ከወለሉ በታች ነበር። በአንድ አገር ሰው 2,200 እንዳያልፍ የሚታገልበት ቁጥር በሌላው ወደዚያ ለመድረስ የሚታገልበት ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ሰፈር ይገኛሉ።

በ2000 ሀዲያ ውስጥ፣ በበደዋቾ ወረዳ፣ የዚህ ስሌት ምርጡ መልክ ታየ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያን ከኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚኖች የተሠራ ለስላሳ ምግብ በከረጢት አቅርቦ ነበር፤ 92 ግራሙ 500 ካሎሪ ነው። ውሃ አይፈልግም፣ አይበስልም፣ ባክቴሪያ አይወድደውም፤ በየጤና ኬላው ፕላምፒናት እየተባለ የሚታወቀው ነው። እስከዚያ ድረስ በከፋ ረሀብ የተጎዳ ሕፃን ከእናቱ ጋር ለሳምንታት ሆስፒታል መተኛት ነበረበት፤ እናቲቱ የቀሩትን ልጆቿንና እርሻዋን ጥላ። በበደዋቾ ግን ምግቡን ይዘው ቤታቸው ተመለሱ። በጥናቱ ከተያዙት 170 ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ አገገሙ፣ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በኋላ በመላው ዓለም የተቀበለው አሠራር መንገዱን የጀመረው እንዲህ ካሉ ወረዳዎች ነው።

በ2012 ሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በሰሜን ታንዛኒያ፣ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ፣ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን ሐድዛዎች በዚያ ውድ ውሃ ለኩ። ወንዶቹ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳሉ። ሁሉም ሰው የጠበቀው ከቢሮ ሠራተኛው አሜሪካዊ አብልጠው ያነድዳሉ ብሎ ነው። የሰውነት መጠን ከተስተካከለ በኋላ ልዩነት አልተገኘም። ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን በሌላ በኩል ሳይቆጥብ እንደማይቀር ፖንትዘር ይከራከራል፤ ክርክሩ አላለቀም። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለስኳር በሽታና ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም የማያከራክር ሲሆን፣ ለመክሳት ብቻ የሚሮጥ ግን ብዙ ጊዜ ያዝናል።

በ2016 በታተመ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በውድድር ላይ በአማካይ 58 ኪሎ ያህል የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተፈልገው ተለኩ። 41 ኪሎው ተመልሷል። የሚያስገርመው የክብደቱ መመለስ አልነበረም፤ ተጋድመው የሚያነድዱት ካሎሪ በዕድሜያቸውና በክብደታቸው ሊሆን ከሚገባው በቀን 500 ያህል ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ነበር። የሚኒሶታው ግኝት በቴሌቪዥን ተደገመ።

የዚሁ ጥናት መሪ ኬቪን ሆል በ2019 ሌላ ነገር ሞከረ። 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ ለሁለት ሳምንት ፋብሪካ በብዙ ሂደት ያዘጋጀውን ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ከጓዳ የወጣ የሚመስለውን አቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና ፋይበር እኩል ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ትርፍ በሉ፤ አንድ ኪሎ ገደማ ወፈሩ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ከሱ። ማንም ምንም አልቆጠረም።

በ2021 ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎች የተለኩበት ትልቅ ጥናት ሲወጣ ሌላ ሰበብም ወደቀ። ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ሰውነት በመጠኑ ልክ የሚያነድደው ካሎሪ አይቀንስም። «ሠላሳ ካለፍኩ ወዲህ ሰውነቴ ማቃጠል ትቶ ነው» የሚለው የአብዛኞቻችን ምክንያት በዚህ ጥናት ድጋፍ አላገኘም።

በዚያው ዓመት ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ መርፌ ለውፍረት ሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ። የአንጀትን ሆርሞን አስመስሎ ለአንጎል ጠግበሃል ይለዋል። በሙከራው 1,961 ሰዎች ነበሩ፤ መርፌውን የወሰዱትም፣ ባዶውን የወሰዱትም አንድ ዓይነት ምክር ተሰጣቸው፣ ይኸውም በቀን 500 ካሎሪ ቀንሱ የሚለው የዊሽኖፍስኪ ምክር። ከ68 ሳምንት በኋላ ምክሩን ብቻ ያገኙት ከክብደታቸው 2.4 በመቶ፣ መርፌውንም ያገኙት 14.9 በመቶ ቀነሱ። ከነዚህ ከፊሎቹ ሕክምናው ከቆመ በኋላ ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገባቸው። ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶ ነበር።